ቀበና ወንዝ ዳር ያለችው ችግኝ ቤት፦ ሶስት ልገዛ ሄጄ አንድ ብቻ ሸጡልኝ

ሶስት ችግኝ ልገዛ ሄጄ ሁለቱን "አልሸጥልሽም" ተብዬ ነው የተመለስኩት፣ ይሄን የምጽፈውም በዛ ምክንያት ነው። ተናድጄ አይደለም፣ እንደውም ደስ ብሎኝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብር ይዤ ቆሜ "ይቅርብሽ" ያለኝ ነጋዴ አላስታውስም፣ ያውም ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ችግኝ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ፋታ በሚያጣበት ሰሞን።

ቦታው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ ድልድዩ ጋ ሳትደርሱ ወደ ወንዙ የምትታጠፍ ጠባብ ኮብልስቶን መንገድ አለች፣ እሷን ይዛችሁ ትንሽ ስትወርዱ የቆርቆሮ በር ታገኛላችሁ። ታፔላ ምናምን የለውም፣ ሰፈሩ "ችግኝ ቤት" ነው የሚለው፣ ማንንም ብትጠይቁ ያሳያችኋል። ከበሩ ሲታይ የአንድ ግቢ ስፋት ያለው ይመስላል ግን ወደ ወንዙ በእርከን በእርከን ስለሚወርድ ውስጡ ሲገባ ሰፊ ነው፣ ከላይኛው እርከን አበቦቹ፣ መሀል ላይ ፍራፍሬው፣ ከታች ወንዙ ጋ ደግሞ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ግራቪሊያ፣ በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ ጥቁር ላስቲክ ተደርድሮ። እኔ እዛች መንገድ አፍ ላይ ለስንት አመት ታክሲ ጠብቄያለሁ፣ ከታች እንደዚህ አይነት ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር፣ ጎረቤቴ ናት ያሳየችኝ።

የሄድኩት ቅዳሜ ግንቦት 22 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ እና ስደርስ በሩ ላይ ሁለት ፒካፕ ቆሞ፣ አንድ ሰውዬ አምስት የጽድ ችግኝ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ እየወጣ፣ ውስጥ ደግሞ ሰው በሰው ላይ። ሁሉም የሚሮጠው ከዝናቡ በፊት ለመግዛት ነው። እዚህ ከተማ ዝናቡ ሰኔ ላይ ጠቅልሎ ይገባል፣ ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ስራ የለውም፣ እና ሰኔ ላይ የተከላችሁት ነገር እስከ መስከረም ሰማይ ያጠጣዋል፣ በጋው ሲመጣ ሥሩ ወርዶ ይጠብቃል። ጥቅምት ላይ የተከለ ሰው ግን በጀሪካን ውሃ ሲያመላልስ ነው የሚከርመው፣ እኔ ስላየሁት ነው የምላችሁ።

ዘንድሮ ደግሞ ሰኔ 1 ሰኞ ስለሚውል ሰፈሩ ሁሉ "ሰኔና ሰኞ" እያለ ነበር፣ 2012 ላይም እንዲሁ ገጥሞ ያኔ ኮሮና ነበር እየተባለ። ከፊቴ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው "ሰኔና ሰኞ ሳይገባ ልትከላት ብዬ ነው የመጣሁት" ሲሉ የችግኝ ቤቱ ባለቤት ቀና እንኳን ሳይሉ "ችግኝ ሰኞን ከማክሰኞ አይለይም ጋሼ፣ ጉድጓዱን ቆፍረዋል ወይ?" አሏቸው። አልቆፈሩም ነበር። "እንግዲያው ቆፍረው ይምጡ፣ እኔ ጋ ይሻላታል" ብለው ችግኟን ወደ ጥላው መለሷት። እኔ ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የችግኝ ቤቱን ባለቤት ሁሉም "እትዬ" ነው የሚላቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ቦት ጫማ አድርገው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው፣ ለሶስት ሰው በአንዴ መልስ እየሰጡ አራተኛውን ደግሞ "አትርገጣት!" ይላሉ። ተራዬ ሲደርስ የምፈልገውን ነገርኳቸው፣ አንድ ሞንስቴራ (ያቺ ትልልቅ የተሰነጣጠቀ ቅጠል ያላት የቤት ተክል) ለኮንዶሚኒየሜ በረንዳ፣ አንድ የተዳቀለ አቮካዶ ሽሮ ሜዳ ላሉት እናቴ፣ እና አንድ ጽጌረዳ።

"በረንዳሽ ጸሐይ የሚያገኘው ጠዋት ነው ከሰዓት?" አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር አስቤው አላውቅም ነበር። ትንሽ ቆጠር አድርጌ ከሰዓት ነው፣ ከ8 ሰዓት በኋላ እስክትጠልቅ ድረስ ፊት ለፊት ነው የምትመታው አልኳቸው። "እንግዲያው ሞንስቴራ አልሸጥልሽም" አሉና ጥግ ላይ ያለች አንድ ሞንስቴራ አሳዩኝ፣ የሆነ ሰው ገዝቶ ወስዶ ከወር በኋላ "ታማለች" ብሎ የመለሳት። ቅጠሏ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ነገር አለ፣ ስነካው እንደ ደረቅ ወረቀት ኮሽ ይላል። አልታመመችም፣ ተቃጥላ ነው። ሞንስቴራ በተፈጥሮዋ ትልልቅ ዛፍ ስር የምትኖር ስለሆነች ብርሃን ትወዳለች እንጂ የከሰዓት ጸሐይ ቀጥታ ሲያርፍባት አትችልም አሉኝ። ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ላድርጋት ብል ደግሞ ሳሎኔ አንድ መስኮት ብቻ እንዳለው፣ እሱም ወደዛው በረንዳ እንደሚከፈት አወጣጡኝ። የመካከለኛ ሳይዝ ሞንስቴራ ዋጋ ያን ቀን 900 ብር ነበር። 900 ብር እጄ ላይ ነበር፣ አልተቀበሉኝም።

አቮካዶው ላይ ደግሞ ጭራሽ ምርመራ ነው የመሰለው። ግቢው ቁልቁለት ነው ሜዳ? አፈሩ ቀይ ነው ጥቁር? ክረምት ላይ ውሃ ይተኛል? የምትተክሉት ከቤቱ ጀርባ ነው ፊት ለፊት? ሽሮ ሜዳ ከፍታ ስለሆነ ብርዱ ፍሬውን ያዘገየው ይሆናል እንጂ ችግኙን አይገድለውም፣ የሚገድለው የሚተኛ ውሃ ነው አሉኝ፣ የአቮካዶ ሥር ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል፣ ከላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ ደግሞ ሰው ውሃ የጠማው መስሎት ይጨምርበታል፣ በዛው ያልቃል። ለእናቴ ደወልኩ እዛው ቆሜ። እናቴ "ከቤቱ ጀርባ ነሐሴ ላይ እኮ ዳክዬ ይዋኝበታል" አሉኝ። እትዬ ሰምተው "አልሸጥም" አሉ፣ በቃ። ከዛ ግን እንዲሁ አልሸኙኝም፣ እዛ ቦታ ላይ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ማታ ሁለት ባልዲ ውሃ ድፉበት፣ ጠዋት ስትነሱ ውሃው ካለ ቦታው አይሆንም፣ ወይ ቦይ አውጡለት ወይ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ከሄደ ግን ተመልሰሽ ነይ አሉኝ። ፖም ከፈለግን ደግሞ ብርዱን ይወዳል፣ ግን አንድ ብቻ እንዳትተክሉ፣ አና የምትባለዋን ዝርያ ዶርሴት ጎልደን ከምትባለው ጋር ጎን ለጎን ነው፣ አበባቸው አንዱ ለአንዱ ነው የሚያስፈልገው፣ ብቻዋን የተተከለች አና አበባ እያሳየች ፍሬዋ ያንሳል አሉ። የፖም ችግኛቸው ከቸንቻ ነው የሚመጣላቸው፣ ያን ቀን አልቆ ነበር።

ጽጌረዳዋን ሸጡልኝ። በረንዳዬ ላይ ያለው የከሰዓት ጸሐይ ለሷ ልክ ነው፣ ጽጌረዳ በቂ ጸሐይ ካላገኘች ጥሩ አበባ አትሰጥም። እና እዚህ ጋ ነው ልቤ ሙሉ በሙሉ የተረታው። ከመስጠታቸው በፊት ላስቲኩን ከግራ እጃቸው መዳፍ ላይ ገልብጠው፣ ግንዷን በሁለት ጣት መሀል አስገብተው፣ ከስር ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርገው አፈሩ ሳይፈርስ እንዳለ አወጡትና "እይ" አሉኝ። አፈሩ ዙሪያውን በነጭ ክር የተሰፋ ነው የሚመስለው፣ ቀጫጭን ነጭ ሥር፣ ጫፍ ጫፉ ላይ እንደ ሰም የሚያበራ። ነጭ ከሆነ በህይወት አለ፣ ቡናማ ሆኖ ከሸተተ በስብሷል፣ ደግሞ ከስር እንደ ሽቦ ጥቅልል ዞሮ ዞሮ ከሆነ ላስቲክ ውስጥ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፣ መሬት ብትተክዪውም መዞሩን አይተውም አሉኝ። ከዛ መልሰው አስገቧት፣ ጫን ጫን አደረጉላት፣ 200 ብር።

ለምን እንደዚህ እንደነካኝ ልንገራችሁ። አምና ሌላ ቦታ፣ መንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው፣ ሁለት ቀይ አበባ ያወጣች የምታምር ጽጌረዳ ገዝቼ ነበር፣ ለእህቴ የቤት ምርቃት። በሳምንቱ አበባዋ ረገፈ፣ እሺ ይሁን፣ በሶስተኛው ሳምንት ግንዷ ጠቆረ፣ እህቴ ብትስባት እንዲሁ ሾለክ ብላ ወጣች። ሥር የላትም። ቅርንጫፍ ነበረች፣ አበባ ካለው ዛፍ ተቆርጣ አፈር ውስጥ የተሰካች። እህቴ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ ከስር እንደ እርሳስ የተቆረጠ ጫፏ ይታያል። ገንዘቡ ሳይሆን እህቴ በየቀኑ ጠዋት ስታጠጣት የነበረው ነገር ነው ያንገበገበኝ። ስለዚህ አሁን አንድ ነጋዴ ሳልጠይቀው ሥሩን ገልብጦ ሲያሳየኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ከሸጡልኝም በኋላ አልሄድኩም፣ ወደ ሁለት ሰዓት ያህል እዛው ቆየሁ፣ ማንም አላባረረኝም። ከታች እርከን ላይ ሁለት ወጣቶችና አንዲት ልጅ አፈር ያደባልቃሉ፣ በባሬላ ነው የሚለኩት፣ ሶስት አፈር፣ ሁለት ኮምፖስት፣ አንድ አሸዋ፣ ከዛ በወንፊት። ኮምፖስቱ ውስጥ ያለው ፍግ አመት የተኛ ነው፣ ልጅቷ አንስታ አስሸተተችኝ፣ ምንም አይሸትም፣ የጫካ አፈር ነው የሚመስለው፣ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል አለችኝ። አንዱ ልጅ ላስቲክ ሲሞላ አይታችሁ አትጠግቡም፣ አንድ እፍኝ፣ መሬት መታ፣ ሁለተኛ እፍኝ፣ መታ፣ አፉ ጋ ሁለት ጣት ባዶ ትቶ ያቆማል፣ ውሃ የሚጠራቀምበት። ለሽያጭ ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ ችግኞቹን ከጥላው አውጥተው ጸሐይ ላይ ውሃ ቀነስ እያደረጉባቸው ሁለት ሳምንት ያቆዩአቸዋል፣ "ማለማመድ" ነው የሚሉት። ካልተለማመደች ቤታችሁ ወስዳችሁ ጸሐይ ላይ ስታቆሟት ትደነግጣለች። ያን ቀን ሁለት ልጆች ለሚከፍቱት ካፌ በር 60 ዱራንታ (ለአጥር የሚተከል ቁጥቋጦ) ሊወስዱ መጥተው 40ው ብቻ ነው የደረሰ ተብለው ተጨቃጭቀዋል፣ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ሱቅና ካፌው ሁሉ በሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ይፈልጋል፣ ለሰኞ ነው የምንፈልገው ሲሉ እትዬ "ለሰኞ ብቻ ከሆነ የፕላስቲክ አበባ ግዙ" አሏቸው፣ ልጆቹ ግን 40ውን ጭነው ሄዱ፣ የቀረውን 20 በአስር ቀን መጥተው ሊወስዱ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አይኔ ላይ ቀርቷል። ከካዛንቺስ ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡ አንድ እናት ጤና አዳም በዱቄት ወተት ጣሳ ተክለው በፌስታል አንጠልጥለው መጡ፣ ከድሮ ግቢያቸው ነቅለው ይዘዋት የወጧት ናት። ቢጫ ሆናለች፣ ቅጠሏ ከስር እየረገፈ። ሌላ ሊገዙ ነው የመጡት፣ "ያለሷ ቡና አይጠጣልኝም፣ ይቺ ግን አልሆነችም" አሉ፣ አባባላቸው ሰው ያመመው ቤተሰብ አይነት ነበር። እትዬ ጣሳዋን ተቀብለው ገና ዘንበል ሲያደርጓት ውሃ በጠርዟ ፈሰሰ። ከስር ቀዳዳ የላትም። ሚስማርና ድንጋይ አስመጥተው ጣሳዋን አጋድመው ከስር አምስት ቦታ በሷት፣ ከውስጥ የወጣው ውሃ ጥቁር ነው፣ የቦይ ሽታ አለው። አፈሩን ግማሹን አራግፈው ከአሸዋው ጨምረው በአዲስ አፈር መልሰው ተከሏት፣ ቢጫውን ቅጠል ለቀሙላት። "ጤና አዳም ውሃ አትወድም እማማ፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ በሲኒ" አሏቸው። ሴትየዋ አዲሷ ስንት ናት ሲሉ "50 ብር ናት፣ ግን አይግዙ፣ ይቺ ትድናለች፣ በሶስት ሳምንት ካልዳነች እኔ እሰጥዎታለሁ" አሉ። ለሰሩበት ምንም አልተቀበሉም። በሩ ላይ 20 ሰው እየጠበቀ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው።

አሁን ደግሞ ያልወደድኩትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሄዳችሁ እንዳትገረሙብኝ። መጠበቁ ከባድ ነው፣ እኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜያለሁ፣ ሰልፍ የሚባል ነገር የለም፣ ድምጹ ከፍ ያለ ሰው ቀድሞ ይስተናገዳል፣ ለትልልቅ ሰዎች አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳን የለም፣ ይሄ በእውነት መስተካከል አለበት። ችግኞቹ ላይ ስምም ዋጋም አልተጻፈም፣ ሁሉም ነገር እትዬ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ልጆቹን ዋጋ ስትጠይቁ "እትዬን ጠይቂ" ነው የሚሏችሁ። በዚህም ምክንያት ነው ጎረቤቴ አምና ሐምራዊ ቦገንቪላ ብላ የወሰደችው ሲያብብ ነጭ ሆኖ የተገኘው፣ ሄዳ ስትነግራቸው ይቅርታ ጠይቀው አበባ የያዘ ሐምራዊ ሰጥተዋታል፣ ነጩንም አትመልሺ ብለዋታል፣ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ማርከርና የተቆረጠ የጀሪካን ቁራጭ ቢኖር አይፈጠርም ነበር። እርከኑ ላይ ያለው ደረጃ አፈር ነው፣ ዝናብ ከዘነበ ያንሸራትታል፣ ስሊፐር አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። ፓርኪንግ የለም። ቤት ድረስ አያደርሱም፣ ራይድ መጥራት የናንተ ስራ ነው፣ ሹፌሮቹ ደግሞ አፈር ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ጋዜጣ ወይ ካርቶን ያዙ።

ዋጋው ከመንገድ ዳሩ ትንሽ ወደድ ይላል፣ አልደብቅም። ጀራኒየም 80፣ የጥብስ ቅጠል 60፣ በሶብላ 30፣ የተዳቀለ አቮካዶ 350 ነበር ያን ቀን። ዝግባና ወይራ ግን በጣም ርካሽ ነበሩ፣ 25 ብር፣ እትዬ እነሱን ለትርፍ አይደለም የማፈላው ይላሉ፣ ዝግባ የሚተክል ሰው ለልጅ ልጁ ነው የሚተክለው፣ እሱን ሰው አላስከፍልም አሉኝ። ባህር ዛፍ ጭራሽ አይሸጡም፣ አንድ ሰውዬ ሲጠይቁ ወንዙን በእጃቸው አሳይተው "እዚህ ውሃ አጠገብ ቆሜ ባህር ዛፍ አላፈላም" ብለዋል። በቴሌብርም በባንክም ይቀበላሉ፣ ብር ዘርዘር አድርጋችሁ ብትይዙ ግን ይፈጥናል።

ጽጌረዳዋ እንዴት ሆነች ካላችሁ፣ በነገሩኝ መሰረት ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን አንገቱን ቆርጬ ከስር በጋለ ብረት በስቼ፣ ማታ ላይ ተከልኳት፣ ላስቲኩን በምላጭ ከጎን ቀድጄ አፈሩ ሳይበተን። ሶስት ቀን በሩ ጀርባ ጥላ ላይ፣ ከዛ ወደ በረንዳ። ዛሬ ሰኔ 10 ነው፣ ሁለት አዲስ ቡቃያ አውጥታለች፣ ቅጠላቸው ሲወጣ ወይን ጠጅ ቀለም ነው፣ በኋላ ነው አረንጓዴ የሚሆነው።

ሽሮ ሜዳ ደግሞ ወንድሜ ጉድጓዷን ቆፍሮ ውሃ ደፍቶባት ነበር፣ ጠዋት ሲያያት እስከ ግማሿ ድረስ ሞልታ አደረች። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነገርኳቸው፣ ሰው እንደዛ በዝቶባቸው ማን እንደሆንኩ ያስታውሱኛል ብዬ አልጠበቅኩም፣ እሳቸው ግን ገና ሲያዩኝ "ውሃው ሄደ?" ነው ያሉኝ። አልሄደም አልኳቸው። "እንግዲያው አሁንም አልሸጥም፣ ቦዩን ይጨርስ" አሉ። ከዛ ወደ መሀለኛው እርከን ወርደው አንዷን አቮካዶ መረጡ፣ የተዳቀለችበት፣ ሁለቱ ግንድ የተጣበቀበት ጋ በጣታቸው ዳበስ አድርገው አዩዋት፣ ግንዷ ላይ ቀይ ክር አሰሩባትና ከሌሎቹ ለይተው ግድግዳው ስር አስቀመጧት። ወንድሜ ቦዩን እየቆፈረ ነው፣ እስከ አጥሩ ድረስ ስድስት ሜትር ያህል ቀርቶታል።